እኔ የረገጥኩበትን ርገጡ

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ለሁላችንም አንዳንድ አደለን፤ ስሙን ሲፈርም እንኳ ለሚያልበው በቅሎ ነጂ ሳይቀር። «ከእያንዳንዱ ጉዞ የተማራችሁትን ጻፉበት» አለን። እኔ ከሃያ ዓመት የተራራ ላይ ምግብ አብሳይነት የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲደክመው ሾርባው ይጣፍጠዋል፣ ሳይደክመው ጨው አነሰው ይላል። ይኸው ተጻፈ። የቀረው ገጽ የራሴ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ሰንጠረዥ ብዬዋለሁ። ሁሉን ነገር ሰንጠረዥ ውስጥ ካላስገባ እንቅልፍ አይወስደውም። ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ሰው ወረደ፣ ስንት እንቁላል ተሰበረ፣ ስንት እንግዳ ደስ አለው። ተራራውን ራሱን ግን አንድም ቀን አልወጣውም። ጫማው ፊት ያሳያል።

ወቅቱ ተከፈተ እንግዲህ። ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱ ደርቋል። እስከ ጥር ድረስ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቡድን ይዘን ወደ ፍርስራሹ ከተማ እንወጣለን። ሦስት ቀን ዳገት፣ አንድ ቀን እዚያው፣ ሁለት ቀን ቁልቁለት። ሰው ያን ሁሉ አቀበት የሚወጣው ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች ለማየት ነው። እሰፈሩ ያለ ጣሪያ የለሽ ቤት ሲሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፤ ሁለት ሺህ ዓመት ከሞላው ግን እጁን በአፉ ይጭናል። አይ ሰው!

መሪው ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ሃያ ሰባት ዓመት መርቷል። በየጉዞው መነሻ ላይ አንዲት ንግግር አለችው። «እኔ የረገጥኩበትን ርገጡ። እኔ ስቆም ቁሙ። የቀረው የኔ ጣጣ ነው።» ሐኪሙም ዳኛውም ነጋዴውም እንደ ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል። ያንን ለማየት ብቻ ብወጣ አይቆጨኝም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኑን አቧራ ያስቸግረዋል። አቧራ ነው። ተራራ ላይ አቧራ የማይገባበት ማን አለ?

ጥቅምት 13፣ ሁለተኛው ሰፈር

የምግብ ሰው ከበቅሎዎቹ ጋር ቀድሞ ሄዶ ድንኳን ተክሎ ውሃ ማፍላት ነው ወጉ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ከጋሼ ጀርባ፣ ከእንግዶቹ ፊት ነው የምሄደው። ጉልበቴ ደህና ነው። ሥራ የበዛበት አፌ ነው።

ዛሬ ጠዋት፣ «አንተ ገልቱ፣ እግርህን አንሳ እንጂ! ሁለት ደረጃ መውጣት አቃተህ?» አልኩት። ሁለት ደረጃ ነበር፣ ወጣው። ወንዙን ተሻግረን፣ «ወደ ግራ ወደ ግራ የሚጎትትህ ምንድን ነው፣ ገደል ናፈቀህ?» ወደ ቀኝ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ አንሸራታቹ የምንለው ቦታ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው ድንጋይ በተነጠፈበት ቁልቁለት፣ አንዲት የማውቃት ድንጋይ አለች። «ይቺም እንዳንተው ናት፣ ላይዋ ደህና፣ ሥሯ የላላ!» ዘሏት አለፈ። እሱም አይተወኝም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ምላስሽ መቼ ነው የሚደክመው?» እያለ እግሩን እንደ ልብስ ሰፊ መርፌ ትክክል ቦታው ላይ ያሳርፋል።

እንግዶቹ ስድስት ናቸው። አንዱ ጠበቃ ነው። እራት ላይ ሚስቱ በሹክሹክታ፣ «ይቺን ሴትዮ ምን አድርጓት ነው እንዲህ የምታንገበግበው?» ስትለው ሰማሁ። «ርስት ነው» አላት ሾርባውን እየማገ። «ወንድምና እህት ሁሌም በርስት ነው የሚጣላው።» የተማረ ሰው ደስ ይላል። ያልገባውን ነገር እንኳ በእርግጠኝነት ነው የሚናገረው።

ጥቅምት 15፣ ፍርስራሹ

ዛሬ ውሃ ሆንኩ።

ከድንጋዩ በር በስተግራ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ የአንበሳ ቅርጽ ነበር። ነበር ነው። አምና የመጨረሻው ቡድን ከወረደ በኋላ የሙዚየም ሰዎች መጥተው ፈንቅለው ወስደውታል፤ ለደኅንነቱ ነው አሉ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያለ እነሱ እንዴት እንደኖረ እንጃ። እኔ ዛሬ ጠዋት ውሃ ስቀዳ ነው ያየሁት። ለጋሼ የነገረው የለም። ሄዶ ያያል እንጂ ምን ብሎ ሰው ይነግረዋል?

እሱ ሆዬ በሩ ጋ ቆመና ጣቱን ቀሰረ። «ይህን አንበሳ ልብ ብላችሁ እዩት። የቀኝ እግሩን እንዴት እንዳነሳ እዩ። ጥፍሩን ቁጠሩ።» ስድስት ሰው ባዶ ግድግዳ አየ። አንዱ ጭራሽ ፎቶ አነሳው። የጠበቃው ሚስት መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች።

«አይ ጋሼ!» አልኩ ሳቄን ከየትም ጎትቼ። «ሙዚየም የገባውን አንበሳ እዚህ ቆሞ ያሳያችኋል። ይሄ ሰው ቀልዱ አያልቅበትም፣ ተጠንቀቁት!»

ሳቁ። ጠበቃው ከሁሉም በላይ ሳቀ። ጋሼም ሳቀ፤ ግን ከሁሉም ኋላ ነው የሳቀው፣ ጣቱንም ወዲያው አላወረደውም። ከዚያ እስከ ማታ ድረስ አላናገረኝም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ በጠዋቱ ሄጄ በጆሮው ሹክ ማለት ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝ። ሥራ መቼ ነው የማይበዛብኝ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ሰንጠረዥ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ለእንግዳ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ተቀምጠህ ቀና ብለህ እንድታየው። አልተቀመጥኩም።

«የእንግዶቹ አስተያየት መጥቷል» አለኝ። ሰው ሲቀጣ እርስዎ ነው የሚለው። «ምግቡ በጣም ጥሩ። መሪው ድንቅ። ግን ከስድስቱ አራቱ ምን እንዳሉ ላንብብልዎት? ‹ምግብ አብሳይዋ መሪውን ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰድበው መስማት ጉዞውን አበላሽቶብናል።› ‹ይህን የሚያህል የተከበረ ሰው፣ አሳዘነን።›»

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

«እንግዶቹ ወንድምዎን ለማየት አይደለም የሚመጡት። አንድ እንዲህ ያለ አስተያየት ከተደገመ ከተራራው ላይ አነሣዎታለሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ያስፈልገናል።»

ዕቃ ግምጃ ቤት ማለት ከቢሮው ጀርባ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሽንኩርት፣ ገመድ፣ የተቀደደ ድንኳን። ሃያ ዓመት ተራራ የወጣሁ ሴት ሽንኩርት እየቆጠርኩ ላረጅ። ጋሼስ? ጋሼ በማን አፍ ሊወጣ ነው?

«ገባኝ፣ ልጄ» አልኩት። ልጄ ሲባል አይወድም። ለዚህ ነው ያልኩት።

ጥቅምት 21

ለጋሼ ነገርኩት። የምንኖረው ወላጆቻችን በተዉልን ቤት ነው፤ እሱ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ፣ እኔ ከመጀመሪያውም። ሳቀ። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። «በስተርጅና ጨዋ ሁኚ ተባልሽ! እስቲ እንዴት እንደምታደርጊው አሳዪኝ።»

ከዚያ ሳቁን ጨርሶ፣ «ይቅርብን ይሆን?» አለ።

«ምኑ ነው የሚቀረው?» ብዬ ጮኽኩበት። «አንተ ቤት ተቀምጠህ ምን ልትሆን ነው፣ ዝንብ ልትቆጥር? አቧራው ያልፋል። ክረምቱ አልፎ አሁን ነው አየሩ የጠራው።»

«እሺ» አለ። ወዲያው እሺ ማለቱ ደስ አላለኝም። ግን እሺ ካለ አለ ነው።

ኅዳር 1፣ ሁለተኛው ጉዞ

ጨዋ ሆንኩ። ትናንት ከመነሻው ጀምሮ።

«ጋሼዬ፣ እባክህ፣ እዚህ ጋ ከፍ ይላል።» «ጋሼ፣ በቀኝህ በኩል ይሻላል።» አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ተንቀጫቀጨ።

እንግዶቹ ዛሬ አምስት ናቸው፣ አንዷ ነርስ። ሁለት ሰዓት ያህል ከጎኔ ሄደች፣ አየችኝ፣ ሰማችኝ። ከዚያ በቀስታ፣ «መሪያችን ዓይናቸውን ያማቸዋል እንዴ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ኧረ ምን አማው! ንስር ነው። እኔ ነኝ እንዲህ የማበዛው።»

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድበው ማንም አልጠረጠረም፤ ሰዎቹ እኔን ሲታዘቡ እሱን አያዩትም ነበር። አንድ ቀን በጨዋነት ባናግረው የመጀመሪያዋ ነርስ ደረሰችበት። ጨዋነት እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ እየዘፈንኩ ሞከርኩት፣ ቀኝ ለማለት አንድ ዜማ፣ ግራ ለማለት ሌላ። በቅሎዎቹ እንኳ ጆሯቸውን ጣሉ። በእነዚህ አምስት ሰዎች ፊት እንደ ምንም እየወጣን ነው፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ሁለቱንም ጊዜ ጫማውን ሰደበው።

ኅዳር 6

በቅሎ ነጂው በረት ውስጥ ለወንድሙ ሲያወራ ደረስኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ሰው ታስፈጃለች። እሱ ምን ያድርግ፣ ምስኪን።»

እኔ! የት አባቱ! በቅሎው ሦስት ድስት ገደል የጨመረችበት ሰውዬ። ገባሁና ጭነቱን በሙሉ እንደገና እንዲያስር አደረግኩት። ፊቴን እያየ፣ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» አለ። ምንም እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ኅዳር 9

ዛሬ ጋሼ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ካርዱን እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ ከክረምቱ በፊት። ጠዋት ዱቄት ለመግዛት ወጣሁ፣ ወረፋው ረዘመ፣ ስመለስ ሰዓቱ አልፏል። ብቻውን ይሄድ ነበር እንዴ? «ሌላ ቀን» አልኩት። «ሌላ ቀን» አለኝ።

ሐኪሙስ ምን ሊል ነው? ሐኪም የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አቁም ነው የሚለው።

ኅዳር 13

ነገ እንወጣለን። ጉድ! ሰንጠረዥ ራሱ አብሮን ሊመጣ ነው። «ሥራውን በቦታው ለመገምገም።» አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቦርሳ፣ አዲስ ዱላ፣ ሁለት ዱላ ጭራሽ። ለጉልበቱ አንድ ለትዕቢቱ አንድ።

አብሮት የጂኦግራፊ መምህርት አለች። በሚቀጥለው ወር አሥራ አራት ተማሪዎቿን ታመጣለች፤ አስቀድማ መንገዱን ልታየው ነው። ቀጭን፣ ጥንቁቅ፣ ሁሉን የምትጽፍ። ጋሼን ገና ስታየው ሰላም ሳትለው በፊት፣ «ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ» አለችው። እሱም እንደ ሙሽራ ቀላ።

ኅዳር 15

አንሸራታቹ ላይ ነው። መምህሯ ወደቀች። እግሯ። በሕይወት አለች። አሁን መጻፍ አልችልም፣ ቃሬዛ እየሠራን ነው።

ኅዳር 17

ከወረድን ሁለተኛ ቀናችን ነው። ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የምቧጥጠው። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ሌላው ሁሉ በየራሱ መንገድ እያወራው ነውና።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አፌን ይዤ ዋልኩ። ሰንጠረዥ ከኋላዬ ነው። አንድ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ያቺ ትንሽ ማስታወሻው ብቅ ትላለች። ጋሼ መንገዱን ያውቀዋል፣ ሃያ ሰባት ዓመት ነው፣ እግሩ ራሱ ያውቀዋል እያልኩ ነበር። እውነትም በጣም ደህና ሄደ። ማታ ላይ ሰንጠረዥ፣ «አየሽ፣ ሰላም እንዴት ደስ ይላል» አለኝ። እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር። ሳህኑን በላዩ ላይ ልደፋበት ምንም አልቀረኝም።

በሁለተኛው ቀን አንሸራታቹ ደረስን። ጋሼ ፊት፣ መምህሯ ከኋላው፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሰንጠረዥ። ያቺ ሥሯ የላላ ድንጋይ ሦስት እርምጃ ስትቀረው ጋሼ ፍጥነቱን ቀነሰ። ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ጠመም አደረገ። ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቀው። ድምፄን እየጠበቀ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሰንጠረዥ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘጋሁት።

ዝም ስል ደህና ነው ማለት መሰለው። ረገጣት። ነቃነቀችው፣ እሱ ግን ተራራ ያደገ ሰው ነው፣ ሳይከብድባት አለፈ። መምህሯ ደግሞ እንደ ተባለችው አደረገች። እሱ የረገጠበትን፣ ልክ እሱ የረገጠበትን፣ ዓይኗን ከጫማው ሳትነቅል ረገጠች። ድንጋይዋ ከሥሯ ወጣች። መምህሯ ስትወርድ አልጮኸችም። ድምፁ የድንጋዩ ብቻ ነበር። እታች ያለው ቁጥቋጦ ባይዛት ኖሮ ዛሬ ስለ እግር አላወራም ነበር።

ጋሼ በእጁ እየዳሰሰ ወረደ። በእጁ እየዳሰሰ! ሰንጠረዥ ይህን አይቶ፣ «እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው» አለ። አዝሏት ወጣ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ያን ገደል ሴት አዝሎ ወጣ። በቅሎ ነጂው አለቀሰ፣ ሰንጠረዥ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እግሯን በዱላ አሰርኩ፣ ከሰንጠረዥ ሁለት ዱላ በአንዱ። በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ቀን ሙሉ ያቺን ሦስት እርምጃ እያሰብኩ ነው። ስንት ሰከንድ ነው ሦስት እርምጃ? አንድ ስድብ በደንብ ይበቃዋል።

ኅዳር 21

ሆስፒታል ሄጄ መምህሯን ጠየቅኳት። ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ነው የተሰበረችው። ብረት አስገብተውላታል። በዱላ ለመሄድ ብቻ ወራት ይፈጃል አሉ፤ ተራራውን ግን ስለመውጣት ማንም ምንም አላለም።

እጄን ያዘችና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እሳቸው የረገጡበትን አልረገጥኩም መሰለኝ። ሳላውቅ ስቼ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት ያንን ነው የማስበው፤ ስንት ጊዜ ነግረውን።»

በልኩ ነው የረገጥሽው፣ እህቴ፣ ከዚህ በላይ ልክ ሊሆን አይችልም ማለት ነበረብኝ። «አታስቢ፣ አትጨነቂ» አልኩ። ሾርባ ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ጣፈጠኝ አለች።

ልወጣ ስል ነው የጨመረችው። «ተማሪዎቼ ግን አይቀሩም። ባልደረባዬ ይዟቸው ይወጣል። ወላጆቻቸው ፈርተው ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው። ከእሳቸው ጋር እስከሆኑ ድረስ ምንም አልሰጋም አልኳቸው።»

አሥራ አራት ልጆች። ታኅሣሥ 5።

ኅዳር 24

ሰንጠረዥ ሁላችንንም ሰብስቦ የአደጋውን ዘገባ አነበበ። በሰንጠረዥ ነው እንጂ በምን! አደጋ የደረሰበት ቦታ፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ። የአደጋው ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ «የእንግዳዋ የአረማመድ ስህተት» ይላል።

ለጋሼ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፣ በመስታወት የተገጠመ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በቅሎ ነጂው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ እኔ አየ እንጂ አላጨበጨበም።

በመጨረሻ ሰንጠረዥ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የእህታችንንም የባሕርይ ለውጥ ሳላመሰግን አላልፍም» አለ። ለውጤ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ዝም ማለቴ ነው። ሌላ ጭብጨባ።

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ። እንደዚህ ያለውን ግን አላውቅም።

ኅዳር 28

ጋሼ ምስጋናውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ራሱ ሚስማር መታ፣ ራሱ ሰቀለ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። «እንዴት ነው?» አለኝ።

የተዘቀዘቀ ነው። ማኅተሙ ላይ፣ ስሙ ታች፣ ፊደሉ ሁሉ በአናቱ ቆሟል።

«ጥሩ አድርገህ ሰቀልከው» አልኩት።

ወደ ጓሮ ሲወጣ አቃናሁት። ለምን አቃናሁት? ማን ሊያየው ነው? ቤታችን ሰው አይመጣም። ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፣ እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ።

ታኅሣሥ 1

መላ እየፈለግኩ ነው። ፊት ፊቱ ልሂድ? ምግብ አብሳይ መሪን ትመራለች እንዴ ይላሉ። እጁን ይዤው ልሂድ? ገመድ? ሰንጠረዥ ደግሞ ቀድሞ ነግሮኛል፤ «ልጆች ፊት አንዲት ክፉ ቃል እንዳልሰማ።» ልጆቹ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ትልቅ ሰው መሪውን ያምናል። ልጅ ግን መሪውን ያያል።

አሥራ አራት። በየቀኑ በየእርምጃው አሥራ አራት ጊዜ።

ደግሞ አንሸራታቹ ላይ ብቻ ነው እንዴ ገደል ያለው?

ታኅሣሥ 3

ጋሼ እራት ላይ፣ «ልጆቹ ስንት ናቸው አልሽኝ?» አለ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ብዙ ናቸው» አለ። እኔ ሳህኑን አነሣሁ።

ታኅሣሥ 4፣ እሑድ

ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ለነገ ጉዞ ድንች መደርደር ጀመርኩ። ስድስተኛው ድንች ላይ ከረጢቱን ትቼ በቤት ጫማዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ሰንጠረዥ የልጆቹን ስም ዝርዝር እያተመ ነበር። «በእሑድ ምድር ምን ጎደለ?» አለኝ።

«ጋሼ ነገ አይወጣም።»

«አሞት ነው?»

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስጽፍ አቧራ አልኩ፣ ተደናቀፈ አልኩ፣ አንዲቷን ቃል አልጻፍኳትም። «አያይም» አልኩት። «ብርሃንና ጥላ ይለያል። ሌላ የለም። መምህሯ አልሳተችም፤ እሱ በረገጠበት ነው የረገጠችው። እኔ አይቻለሁ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ ከማተሚያው እየወጣ መሬት ላይ ወደቀ፣ ማንም አላነሣውም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው…»

«ሰንጠረዥህ ላይ አለልህ፣ ደምረው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን፣ ያንን ዝቅ ያለውን፣ ጎተተልኝ። ተቀመጥኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝና፣ «ይጻፉት፣ ይፈርሙበት» አለ። ጻፍኩት። ወንድሜ አያይም። ሁለት ቃል ናት። ስጽፍ ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ያን ጊዜ እንደ ሰው ቆጠርኩት። የልጆቹን ጉዞ ለሁለት ሳምንት አስተላልፎ ሌላ መሪ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስለ እኔ ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ቤት ስደርስ ጋሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ቅባት ይቀባል።

«የት ነበርሽ?»

«ቢሮ። ነገርኳቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«አያይም ብዬ።»

እጁ ቆመ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተው። «ልጆቹስ?»

«ሌላ ሰው ይወስዳቸዋል።»

«ደግ» አለ። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ሸክም ያወረደ በቅሎ እንደሚተነፍሰው ያለ። «ሁለት ዓመት ፈጀብሽ።»

«ምኑ?»

«ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ስጠብቅ። እኔማ በየት አፌ? ሃያ ሰባት ዓመት ተከተሉኝ ያልኩ ሰውዬ። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እላለሁ። አንቺ ደግሞ በየጉዞው ስድብሽ እያማረበት ሄደ።»

ያን ጊዜ ሰደብኩት። እስከዛሬ ተራራ ላይ ስጮኽበት የኖርኩት ደረጃ ነበር፣ ድንጋይ ነበር፣ ቀኝና ግራ ነበር። የዛሬው ግን ስድብ ነው። ፈሪ አልኩት። የሰው ልጅ እግር ውስጥ ብረት ያስገባህ ፈሪ፣ ምስጋናህን ግድግዳ ላይ የሰቀልክ ዓይን አውጣ አልኩት። ጎረቤት ወጥቶ እስኪያየን። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ሰማኝ። ትንፋሼ ሲያልቅ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረና፣

«አንቺስ?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሲመሽ፣ «ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለ። «ለመምህሯ ራሴ ነኝ የምነግራት። አንቺ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

«እሺ» አልኩት።